ስም የሌላት ቢላ ዋጋዋ ስንት ነው?

የቢላ ገዢ በወልድያም ይሁን በመርሳ ገበያ ዘወትር የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል። ሻጩ ዋጋ ይጠራል፣ ገዢው ያስቀንሳል፣ ጥቂት ይከራከራሉ፣ ከዚያም ተስማምተው ይለያያሉ። በዚህ ሁሉ ንግግር መካከል «ብረቱ ከምንድን ነው? የሠራው ማን ነው? ብትሰበርስ ለማን እመልሳለሁ?» የሚል ገዢ እምብዛም አይገኝም። በግ ሲገዛ ጥርስ ከፍቶ፣ ላት መዝኖ፣ ወገብ ዳብሶ የሚከራከር ሰው፣ ለዓመታት ከጎኑ የማትለየውን መሣሪያ ግን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ብቻ ይወስዳል።

ዛሬ በዚህ ገጽ የምንነጋገረው ስለዚህች መሣሪያ ነው። የወጥ ቤት ቢላ ማለታችን አይደለም። ጩቤም፣ የሐብሩ ምሥራቃዊ ጎረቤቶች የሆኑት አፋሮች በወገባቸው የሚታጠቁት ጊሌም አይደለም። ጉዳያችን ስለቷ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም፣ የእንጨት ወይም የቀንድ እጀታ ያላት፣ በቆዳ አፎት ውስጥ የምትገባ፣ በባህላዊ ብረት ሠሪ እጅ ተቀጥቅጣ የወጣች ትንሽ ቢላ ነች። እረኛው ዱላ ይቀርጽባታል። ገበሬው ቃጫና ጠፍር ይቆርጥባታል። የከባድ መኪና ረዳት ሸራ ይበጥስባታል። የመርሳ ፍራፍሬ ነጋዴ ብርቱካን ከፍሎ ያቀምስባታል። ፍየል ሲታረድም ቆዳ የምትገፍፈው እሷው ነች።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ጥሩዋ የእጅ ሥራ ቢላ ከውጭ ከሚገባው ርካሽ ቢላ ትበልጣለች፤ ገበያችን ግን ጥሩዋን ከመጥፎዋ የሚለይበት ምልክት ስለሌለው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ሳቢያ የሚጎዳው መጀመሪያ ጎበዙ ሠሪ ነው፤ ቀጥሎ ገዢው ራሱ ነው። መፍትሔውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገዢው ከመክፈሉ በፊት መፈተሹ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሠሪው በሠራው ብረት ላይ ስሙን ማሳረፉ ነው።

ብረቱ ከየት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ አድርጎ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መርሳንና ወልድያን ሰንጥቆ ያልፋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባድ መኪና በሚመላለስበት መንገድ ላይ ደግሞ ባሌስትራ ይሰበራል። የተሰበረው ባሌስትራ ለጋራዡ ቆሻሻ፣ ለብረት ሠሪው ግን ጥሬ ዕቃ ነው። የጥንት አባቶች ማዕድኑን ከድንጋይ አቅልጠው ያወጡ ነበር። ያ ጥበብ የውጭ ብረት እየረከሰ ሲመጣ ቀርቷል። የዛሬው ብረት ሠሪ የሚቀጠቅጠው ውዳቂ ብረት ነው።

በውዳቂ ብረት መሥራት ነውር የለበትም። ቁም ነገሩ የትኛው ውዳቂ የሚለው ነው። የቢላ ስለት ጠንክሮ እንዲይዝ ብረቱ ውስጥ በቂ ካርቦን መኖር አለበት። በመኪና ባሌስትራ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው 0.6 በመቶ ያህል ነው፤ ለሥራ ቢላ በጣም ተስማሚ መጠን ነው። ያረጀ ሞረድ ከ1 በመቶ በላይ ይይዛል፤ ከእሱ የተሠራ ስለት አብዝቶ ይጠነክራል፣ ግን ሠሪው ካላወቀበት እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የኩሽኔታ ብረትም ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። ለቤት መሥሪያ የሚውለው ፌሮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ አይበልጥም። ፌሮን የፈለጉትን ያህል ቢያግሉትና ውሃ ቢያጠጡት ጥሩ ስለት አይወጣውም። ቅርጹ ቢላ ሊመስል ይችላል፤ ሥራው ግን የቢላ ሥራ አይደለም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ከባሌስትራ የወጣችውና ከፌሮ የወጣችው ቢላ ተወልውለው በአንድ ጆንያ ላይ ሲደረደሩ ዓይን አይለያቸውም። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። ሁለቱም በገበያ ቀን ወረቀት ይቆርጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ገዢው አገሩ ገብቶ፣ ሻጩም ሌላ ገበያ ወጥቶ ሳለ ነው።

የማይታየው ሥራ

የብረቱ ዓይነት ግማሹ ነገር ነው። ግማሹ እሳቱ ላይ ነው። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» ይባላል። ቅጥቀጣው ግን ቅርጽ እንጂ ስለት አይሰጥም። ስለት የሚሰጠው ከቅጥቀጣው በኋላ የሚመጣው ማጋል፣ ማጥለቅና ማለዘብ ነው።

ብረት ሠሪው ቅርጹን ከጨረሰ በኋላ ስለቱን እንደገና በከሰሉ ውስጥ ያግለዋል። ባሌስትራ ከ800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከፍ ሲል ለመጥለቅ ይደርሳል። በገጠር ወናፍ አጠገብ ቴርሞሜትር የለም፤ መለኪያው የብረቱ ቀለም ነው። ልምድ ያለው ሠሪ ይህን ሥራ በጥላ ሥር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠራራ ፀሐይ የጋለ ብረት ቀለሙ ስለሚያታልል ሠሪው ከልክ በላይ ያግለዋል። ከልክ በላይ የጋለ ብረት ውስጡ ይሻክርና ሲጠነክር በቀላሉ ይሰበራል። ማግኔት ያለው ሰው ሌላም ዘዴ አለው። ብረት ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መያዝ ስለሚያቆም፣ ከዚያ ጥቂት ከፍ አድርጎ ማጥለቅ ነው።

ቀጥሎ ማጥለቅ ይመጣል። የባሌስትራ ብረት በዘይት ቢጠልቅ ይመረጣል። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የተነከረ ቀጭን ስለት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ስንጥቁም ፀጉር ስለሚያህል በገበያ ላይ አይታይም። ከጠለቀ በኋላ ብረቱ እጅግ ደረቅ ስለሚሆን ማለዘብ ያስፈልገዋል። በ200 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ እንዲሞቅ ይደረጋል፤ የተወለወለው ገጹ የገለባ ቢጫ ሲመስል ይበቃዋል። ይህን የመጨረሻ ሥራ የዘለለ ሠሪ የሚሸጣት ቢላ በመጀመሪያው ሳምንት ምላጭ ነች፤ አጥንት የነካች ቀን ግን ትሸረፋለች።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ዘይቱ ገንዘብ ነው፣ ከሰሉ ገንዘብ ነው፣ ለማለዘብ የሚጠፋው ጊዜም ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ ተጨምሮ ግን ቢላዋ በመልኳ አንዳች አትለወጥም። ገዢው ለማያየው ነገር አይከፍልም። ስለዚህ ማለዘቡን የዘለለው ሠሪ ወጪው አነስተኛ ይሆንለታል፣ ዋጋም ዝቅ ያደርጋል። በትክክል የሠራው ደግሞ ወይ በኪሳራ ይሸጣል፣ ወይ እሱም መዝለል ይጀምራል።

ይህ የመርሳና የወልድያ ብቻ ጠባይ አይደለም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጽሑፍ የአሮጌ መኪናን ገበያ ምሳሌ አድርገው ይህንኑ አሳይተዋል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ፣ ገዢው ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ለመሸጥ አይወጣም፤ መጥፎው ብቻ ይቀራል። ምሁሩ በዚህ መስመር ለሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤልን ሽልማት ከሁለት ባልደረቦች ጋር ተካፍለዋል። የቢላ ገበያችን ከዚያ የአሮጌ መኪና ገበያ የሚለየው በዕቃው መጠን ብቻ ነው።

ገዢው ምን ይፈትሽ?

ከሁሉ በፊት ይጠይቅ። ሻጩ ትልቅ ሰው ከሆነ «አባቴ፣ ብረቱ ምንድን ነው? በምን አጠለቁት?» ማለት ነውር አይደለም። ወጣት ከሆነም «ወንድሜ፣ ራስህ ነህ የሠራኸው?» ቢባል አይከፋውም። ራሱ የሠራ ሰው ስለ ብረቱ ሲጠየቅ ዝርዝር ይናገራል፤ ከሌላ ተረክቦ የሚሸጥ ቶሎ ወደ ዋጋው ይመለሳል። መልሱ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ለፈተናው መግቢያ ነው።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ሞረድ ይያዝ። በሻጩ ፈቃድ የስለቱን ጫፍ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ በቀስታ ያስነካው። በደንብ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረዱ ይንሸራተታል። ብረቱን እየነከሰ ብናኝ የሚያወጣ ከሆነ ስለቱ ለስላሳ ነው፤ ወይ ፌሮ ነው፣ ወይ በደንብ አልጠለቀም። ሻጩ ይህን ፈተና አልፈቅድም ካለ ገዢው የሚፈልገውን መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ስለቱን በወፍራም ምስማር ጎን ላይ ገደም አድርጎ ጫን ይበል። ጥሩ ስለት በጣም ጥቂት ይለመጥና ሲለቁት ይመለሳል። ተለምጦ የቀረ ለስላሳ ነው፤ የተሸረፈ ያልለዘበ ነው። ይህ ፈተና ጥንቃቄ ስለሚሻ ሻጩ ራሱ እንዲያደርገው መጠየቁ ይሻላል። በሥራው የሚተማመን ሠሪ ያደርገዋል።

አራተኛ፣ ቀለሙን ይመልከት። ዛሬ ዛሬ መጨረሻው ላይ በኤሌክትሪክ ድንጋይ መሳል ተለምዷል። በችኮላ የተያዘ ድንጋይ ስለቱን ያግለውና ጥንካሬውን ያጠፋዋል። በስለቱ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ጥላ ከታየ ብረቱ ወደ 300 ዲግሪ ተጠግቷል ማለት ነው። ያቺን ቢላ መተው ነው። ብልህ ሠሪ ውሃ አጠገቡ አስቀምጦ በየጊዜው እየነከረ ይስላል።

አምስተኛ፣ የጀርባዋን ውፍረት ይለካ። ባሌስትራ ወፍራም ስለሆነ አሳስቶ መቀጥቀጥ ብዙ የመዶሻ ጉልበት ይፈጃል። ጉልበቱን የቆጠበ ሠሪ ጀርባዋን ወፍራም ይተዋትና «ጠንካራ ነች» እያለ ይሸጣታል። ለትንሽ ቢላ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጀርባ ይበቃል። ከዚያ ያለፈችው እንጨት ትፈልጥ ይሆናል እንጂ ብርቱካን አትከፍልም፤ ትጨፈልቃለች። ሸንኮራ ለመላጥም አትመችም። ከጀርባ እስከ ስለት እየሳሳች የምትሄድ ቢላ የመዶሻዋን ልፋት በገጿ ላይ ታሳያለች።

ስድስተኛ፣ እጀታውን ይጨብጥ። በወይራ እንጨት ወይም በቀንድ የተሠራ እጀታ ውበት አለው። ዋናው ነገር ግን ብረቱ እጀታው ውስጥ ምን ያህል ገብቷል የሚለው ነው። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ዘልቆ በሚስማር የተመታ ከሆነ ጥሩ ነው። ተተኩሶ ብቻ የተሰካ ከሆነ ቢያንስ የእጀታውን ግማሽ ማለፍ አለበት። ቢላዋን ነቅነቅ አድርጎ ድምፅ ካሰማች፣ በብረቱና በእንጨቱ መካከልም ክፍተት ከታየ፣ በዝናብ ወራት ውሃ እየገባ ያዝገዋል፤ እንጨቱም ይሰነጠቃል። እጀታዋ እየወለቀ እጅ የምትቆርጥ ቢላ ከደነዘችው የባሰች ናት።

ሰባተኛው ከገዙ በኋላ የሚደረግ ነው። ቤት ሲገቡ አንድ ክንድ የቃጫ ገመድ ደጋግመው ይቆራርጡባት። ከዚያ ስለቷን በክንድ ፀጉር ላይ ይሞክሯት። ከገመዱም በኋላ ፀጉር የምትላጭ ቢላ የተገኘች እንደሆነ፣ በሚቀጥለው ገበያ ወደዚያው ሠሪ ተመልሶ ሁለተኛ መግዛት ነው። ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ወደ ማን እንመለስ?

የውጭውስ ቢላ?

ፍትሐዊ ለመሆን የውጭውንም ጥቅም መናገር አለብን። ከውጭ የሚገባው የማይዝግ ቢላ ለወጥ ቤት ይመቻል። ሽንኩርትና ቲማቲም የሚከትፍ ሰው ከባሌስትራ የተሠራ ቢላ አያስፈልገውም። የእጅ ሥራዋ ቢላ በብርቱካን ጭማቂ ትጠቁራለች፣ ካልተወለወለች ትዝጋለች። የመርሳ ነጋዴ ከሥራ በኋላ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ቅባት ነካ ማድረግ አለበት። ይህን የማይችል ሰው የማይዝገውን ቢገዛ ይሻለዋል።

ነገር ግን የማይዝግ ሁሉ ጥሩ ስለት የሚይዝ አይደለም። በየጉልቱ የሚደረደረው ርካሹ ዓይነት ለስላሳ ነው። በድንጋይ ሲስሉት ቶሎ ይሳላል፣ ቶሎም ይደነዝዛል። እጀታው ከተሰበረ መጣል ነው። የአገሩ ቢላ እጀታው ቢሰበር ሌላ ይገባለታል፣ ስለቱ ቢያልቅ እንደገና ይቀጠቀጣል፤ ሠሪውም ጎረቤት ነው። ዋጋም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የሚገባ ቢላ ሁሉ ያንን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ባሌስትራውም ቀድሞ በመኪና የገባ ቢሆንም፣ የቢላዋ ትልቁ ወጪ የሠሪው ጉልበትና ከሰል ነው። ለአገር ውስጥ ሠሪ ይህን የመሰለ አጋጣሚ ቶሎ አይገኝም። አጋጣሚው የሚባክነው ጥሩዋና መጥፎዋ ሳይለዩ በአንድ ጆንያ ላይ ከቆዩ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። አንዷ ቢላ 150 ብር ትሸጥ፣ በስድስት ወር ትበላሽ። ሌላዋ 450 ብር ትሸጥ፣ አምስት ዓመት ታገልግል። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዋ አሥር ጊዜ ትገዛለች፤ 1,500 ብር መሆኑ ነው። ሁለተኛዋ 450 ብር ላይ ቆመች፤ የመሳያ ድንጋይ ቢጨመር እንኳ ከግማሹ ብዙም አትርቅም። ገዢው ይህን ሒሳብ አያውቀውም ማለት አይደለም። አብዛኛው ገበሬ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የጎደለው 450 ብር የተባለችው ቢላ በእርግጥ ያቺ መሆኗን የሚያረጋግጥለት ነገር ነው። ማረጋገጫ በሌለበት 150 ብር መክፈሉ ሞኝነት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

ስሙ ለምን ጠፋ?

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳናነሳ አናልፍም። በአገራችን ብረት ሠሪ በብረቱ ላይ ስሙን የማያሳርፈው ፊደል ስላልቆጠረ ብቻ አይደለም። ስሙ ራሱ ስድብ ስለተደረገበት ነው። «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ በኖረ ማኅበረሰብ ውስጥ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ መጻፍ ራስን ለነገር ማጋለጥ ነበር። የሠራውን ማረሻ ይዘን እናርሳለን፣ በማጭዱ እናጭዳለን፣ በቢላው ሥጋ እንቆርጣለን፤ ከማዕዱ ግን እንሸሻለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቀንሶ ይሆናል፤ በጋብቻና በጉርብትና ጊዜ ግን ዛሬም ሹክሹክታው አልጠፋም።

ይህ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ካለ የገበያ ጉዳይም እንደሆነ ይወቅ። ሠሪው ራሱን ሲደብቅ ዕቃው ዋስትና ያጣል። ልጆቹ ሙያውን ሲሸሹ የአባት እውቀት በአንድ ትውልድ ይቋረጣል። የባሌስትራን ቀለም በዓይን የሚለየው ሰው ሲሞት፣ ያ ዕውቀት በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም። «ስም ከመቃብር በላይ ነው» የምንል ሕዝብ፣ የሚመግበንን መሣሪያ የሚሠራውን ሰው ስም ነፍገነዋል።

በሌላው ዓለም የሆነው የተገላቢጦሽ ነው። የእንግሊዟ ሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቁሞ የየሠሪውን ምልክት ይመዘግብ ነበር። መጥፎ የሠራ ሰው በምልክቱ ይታወቅ ነበር፤ ጥሩ የሠራም እንዲሁ። የጀርመኗ ዞሊንገን ስም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በሌላ ቦታ የተሠራ ቢላ ያንን ስም ሊይዝ አይችልም። በስዊድን ሙራ አካባቢ የተጀመረው ተራ የእንጨት እጀታ ቢላ ዛሬ በዓለም ሁሉ በቦታው ስም ይጠራል። እነዚህ ቦታዎች በብረታቸው ብቻ አልታወቁም። ብረቱ ላይ ያረፈው ስም ገዢውን መልሶ አመጣላቸው።

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገርም የለብንም። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት የቡና ስሞች የንግድ ምልክት እንዲሆኑ መንግሥት ባደረገው ጥረት እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ተደርሷል። ስም ገንዘብ መሆኑን በቡናው አይተናል። ለቢላው ያልሠራነው ለምንድን ነው?

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ከመንግሥት ደጅ የሚጠበቅ አይደለም። እያንዳንዱ ብረት ሠሪ ከጠንካራ ብረት አንዲት ትንሽ መምቻ ቀርጾ፣ ቢላዋ ከመጥለቋ በፊት እንደጋለች ምልክቱን ይምታባት። ፊደል ሊሆን ይችላል፣ ኮከብ ሊሆን ይችላል፣ የከብት መተኮሻ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ስሙን መግለጽ የማይፈልግ ሰው በምልክቱ ብቻ ይታወቅ። ከዚያ በኋላ ገዢው «ያቺ ባለ ኮከቧ» ብሎ ይጠይቃል። ከብቱን በምልክት ለይቶ የሚያውቅ ገበሬ ቢላን በምልክት መለየት አይከብደውም።

ሁለተኛው ዋስትና ነው። «ስለቷ ብትሸረፍ፣ እጀታዋ ቢወልቅ፣ እስከ ሦስት ወር መልስልኝ» የሚል ሠሪ ሃምሳና መቶ ብር ጨምሮ ቢጠይቅ ገዢው አይቆጣም። ፌሮ የሚሸጠው ግን ይህን ቃል ሊገባ አይችልም፤ ቢገባ በሦስት ወር ውስጥ ይከስራል። ዋስትና ውሸታሙን ከእውነተኛው የሚለይ ርካሽ ወንፊት ነው።

ሦስተኛው የጋራ ምልክት ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የግለሰብ ምልክት ብቻ ሳይሆን የማኅበር የጋራ ምልክትንም ይመለከታል። የሐብሩና የወልድያ ብረት ሠሪዎች ተሰባስበው በአንድ ስም፣ ለምሳሌ «መርሳ» ብለው ቢያስመዘግቡ፣ ያንን ስም የሚይዘው ከባሌስትራ የተሠራና በትክክል የለዘበ ቢላ ብቻ እንዲሆን መወሰን ይችላሉ። ፈተናውን የሚያግዝ ተቋምም ሩቅ አይደለም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። የብረት ጥንካሬ መለካት ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ጥሩ የተግባር ትምህርት ነው። ስሪንቃ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ለአካባቢው ገበሬ የማሽላ ዝርያ ሲያወጣ እንደኖረ ሁሉ፣ ማሽላውን የሚቆርጠውም መሣሪያ መጠናቱ ቢጨመር ማንም አይከፋውም።

የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ምልክቱን ሌላው ያስመስለዋል የሚሉ አሉ። ልክ ነው፤ ሼፊልድም ሲያስመስሉባት ኖራለች። ነገር ግን ገዢው የሚያስመስልበት ምልክት መኖሩ በራሱ ምልክቱ ዋጋ እንዳለው ያሳያል። ከዚህም ሌላ በጥቃቅን ገበያ ሰው ሰውን ያውቃል፤ የሐሰት ኮከብ የመታ ሠሪ በሦስተኛው ገበያ ወሬው ይደርሰዋል። ሌላው ተቃውሞ ደግሞ ድሃው ገዢ 450 ብር ከየት ያመጣል የሚለው ነው። ለእሱም ርካሿ ቢላ ከገበያ አትጥፋበት። የምንለው ርካሿ በርካሽነቷ ትታወቅ ነው፤ በጥሩዋ ጥላ ሥር አትሸጥ።

ጊዜውም ይህን ይጠይቃል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ወልድያም መርሳም ተይዘው ነበር፤ ብዙ ቤት ዕቃውን አጥቷል። የእርሻና የቤት መሣሪያውን እንደገና የሚያሟላ ሰው በአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ የመታለል አቅም የለውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ የመጀመሪያዋ ቢላ ደህና መሆኗ ምቾት ሳይሆን ቁጠባ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ገበያ ቢላ የሚገዛ አንባቢ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «ምልክትህ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የለኝም የሚል ሠሪ ካጋጠመው «እንግዲያው ለሚቀጥለው ገበያ አውጣ፤ እኔም እመለሳለሁ» ይበለው። ከዚያም ቃሉን ጠብቆ ይመለስ። አንድ ገዢ ይህን ቢል ቀልድ ይመስላል። ሃያ ገዢ ቢል ግን ሠሪው መምቻውን ይቀርጻል።